መብራት ሲሄድና ሲመጣ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። የዛሬው ወሬያችን ስለ ጨለማ ምሽት ነው። ውጭ ዶፍና ነጎድጓድ፣ ቤት ውስጥ ድንገተኛ ጸጥታ። ፍሪጁ ሲያጉረመርም እንደነበረ የሚታወቀን ለካ ዝም ሲል ነው።

ከቋንቋችን ልጀምር። እኛ መብራት "ሄደ" እንላለን፤ እግር ያለው ይመስል። የሄደ ደግሞ ይመጣልና፣ ሲመለስ "መጣ!" ብለን እንጮሃለን። ለእኔ ይሄ አነጋገር ትክክለኛ ነገር ይዟል። ምክንያቱም ዕቃ የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ አካሄዱ ሳይሆን አመጣጡ ነው። እኛ ግን ሲሄድ እንደነግጥና ሲመጣ እንዘናጋለን።

አካሄዱን እንየው እስቲ። በማዕበል ጊዜ መብራቱ አንዴ ብልጭ ይላል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመለሳል፣ ከዚያ ጭልም። ይሄ ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ የመካከለኛ ቮልቴጅ መስመሮች ላይ ሪክሎዘር የሚባል መሣሪያ አለ። ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ሲያርፍ ወይም መብረቅ ሲመታው መስመሩን ይቆርጣል፤ ጥቂት ቆይቶ "ምናልባት ቅርንጫፉ ወድቆለት ይሆናል" እንደማለት መልሶ ይሞክራል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ችግሩ ካልለቀቀ ይቆለፋል። ከዚያ በኋላ ሰው ሄዶ ችግሩን እስኪያገኘው ድረስ መጠበቅ ነው። እንግዲህ እንደዚህ ሲንተባተብ ቆይቶ የሄደ መብራት በ5 ደቂቃ ይመጣል ብላችሁ አትቀመጡ፤ ለሰዓታት ተዘጋጁ።

ዕቃ መንቀል ያለበት ነጎድጓዱ ሩቅ ሳለ ነው። ብልጭታውን ስታዩ መቁጠር ጀምሩ፤ ድምፁ እስኪደርስ የቆጠራችሁትን ሰከንድ ለ3 ስታካፍሉ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ። 30 ሰከንድ ማለት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያ ደግሞ መብረቁ ሊደርስባችሁ የሚችልበት ርቀት ነው። ከዚያ ወዲህ ከገባ ሶኬት አትንኩ፣ ገላችሁንም አትታጠቡ፤ ሽቦም የብረት ቧንቧም መብረቅን ይዞ ቤት ይገባል። ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ ለመብረቅ ዋጋ የለውም። ኪሎ ሜትሮችን በአየር ላይ ዘሎ የመጣ ነገር በማብሪያው ውስጥ ያለችው ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት አታቆመውም። የቲቪውን የአንቴና ሽቦ የሚረሱ ብዙ ናቸው፤ እሱም መነቀል አለበት።

እሺ፣ ጨለመ። መጀመሪያ በመስኮት ውጭውን እዩ፤ ጎረቤትም ጨልሟል ወይስ እኛ ብቻ ነን? እኛ ብቻ ከሆንን ብሬከሩን ማየት ነው። ዋናው ወድቆ ከሆነ ሌሎቹን ሁሉ አውርዱ፣ ዋናውን አንሱ፣ ከዚያ አንድ በአንድ። የትኛው ላይ እንደሚወድቅ በዚህ ይታወቃል። ወዲያው መልሶ የሚወድቀውን ብሬከር ደጋግሞ ማንሳት የታመመን ሰው ሩጥ እንደማለት ነው። ሳጥኑ አካባቢ ውሃ ካንጠባጠበ ደግሞ ጭራሽ አትንኩት።

ከጨለማ የባሰ አንድ ምልክት አለ፦ መብራቱ ሳይጠፋ አንዱ አምፖል ከልክ በላይ ሲደምቅ ሌላው ሲደበዝዝ። ነፋስ ኒውትራሉን፣ ማለትም ከረንቱ የሚመለስበትን ሽቦ በጥሶት ሊሆን ይችላል። ያኔ 220 ቮልት ይገባ የነበረበት ቤት ወደ 380 የሚጠጋ ሊገባበት ይችላል። ሮጣችሁ ዋናውን ማጥፋት ነው። አምፖሉን እያዩ "ዛሬስ ደመቀ" ማለት ቲቪውን ያስከፍላል።

ብዙ ሰው ሻማ ፍለጋ ሲሮጥ የሚረሳው ነገር ምድጃውና ካውያው ናቸው። በርተው ሳለ መብራት ሄዷል፣ ቀዝቅዘዋል፣ ስለዚህ የጠፉ ይመስላሉ። ሰው ይተኛል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት መብራት ይመጣል፤ ካውያው ልብስ ላይ ተደፍቷል። ስለዚህ ነጎድጓዱ ቅርብ ካልሆነ ከሻማ በፊት የሚሞቀውን ሁሉ ንቀሉ፤ ፍሪጁንም ጨምሩ። ቅርብ ከሆነ ግን እስኪርቅ ጠብቁና ሳትተኙ ንቀሉ። የአንድ ክፍል አምፖል ብቻ ማብሪያው እንደበራ ይቅር፤ መምጣቱን እሱ ይነግራችኋል።

ስለ ብርሃን ሳስብ ሻማ የተጋነነ ክብር ያለው ይመስለኛል። ብርሃን በሉመን ይለካል፤ አንድ ሻማ 12 ሉመን ገደማ ነው የሚሰጠው፤ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ግን 800 አካባቢ። የስልካችሁን መብራት ወደ ነጭ ኮርኒስ ብታዞሩት ክፍሉ በሙሉ ይታያል። ወይም ስልኩን መብራቱ ወደ ላይ እንዲሆን አስተኙትና ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ አጠገቡ አስደግፋችሁ ብርሃኑ በውሃው ውስጥ እንዲያልፍ አድርጉ፤ ዓይን የሚወጋው ነጥብ ተበትኖ እንደ ፋኖስ ይሆናል። ጠርሙሱ ንጹሕ፣ ክዳኑ በደንብ የተጠበቀ ይሁን፣ አለዚያ ስልኩን ታጥባላችሁ። ሻማ ካበራችሁም ጠለቅ ባለ ሳህን ላይ አቁሙት፣ ከመጋረጃና ከወረቀት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር አርቁት፣ እንቅልፍ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ እሱ ይጥፋ። ለነገሩ ዓይን ራሱ ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ስልኩን በሙሉ ብርሃኑ አንዴ ካያችሁ ግን ልምዱ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ኮሪደር ላይ የምንደናቀፈው ለዚህ ነው።

ስልክ ካነሳን አይቀር፣ ማዕበል ሲቆይ ኔትወርክ ይደክማል፤ የአንቴናዎቹ መጠባበቂያ ባትሪም ያልቃል። ሲግናል ያጣ ስልክ ደግሞ ፍለጋ ላይ ሆኖ ቻርጁን ይበላል። የበረራ ሞድ ላይ አድርጉትና በየግማሽ ሰዓቱ ክፈቱት። 10,000 ሚሊ አምፒር አወር የሚል ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 37 ዋት አወር ነው፤ በልወጣ የሚባክነው ሲቀነስ ትልቅ ባትሪ ያለውን ስልክ አንዴ ተኩል ገደማ ይሞላል እንጂ በማሸጊያው ቁጥር እንደሚመስለው ሁለቴና ከዚያ በላይ አይሞላም።

ፍሪጁን አትክፈቱ። ተዘግቶ ከቆየ ቅዝቃዜውን 4 ሰዓት ያህል ይይዛል። ፍሪዘሩ ሙሉ ከሆነ 48 ሰዓት፣ ግማሽ ከሆነ 24። ባዶ ቦታውን ውሃ በሞሉ ጠርሙሶች ሞልቶ ማቀዝቀዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ለበረዶው ማበጫ ግን አፋቸውን አጉድሉላቸው። ማታ ቤት ለማትገኙ ደግሞ አንድ ዘዴ አለ፦ ብርጭቆ ውሃ አቀዝቅዛችሁ በረዶው ላይ ሳንቲም አስቀምጡ። ስትመለሱ ሳንቲሙ ከታች ተቀብሮ ካገኛችሁት በረዶው ቀልጦ መልሶ ረግቷል ማለት ነው፤ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለውን ምግብ አትመኑት።

ሲበርድ ከሰል ወደ ክፍል ማስገባት እንዳታስቡ። ጭሱ ያለቀለት፣ የቀላ ፍም ንጹሕ ይመስላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ በ200 እጥፍና ከዚያ በላይ አጥብቆ የሚይዘው እሱን ነው። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ አንድ ላይ በቤተሰቡ ሁሉ ከመጣ ጉንፋን አይደለም፤ ወዲያው ውጡ። ጄኔሬተርም ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። የጄኔሬተሩን ገመድ ግድግዳ ሶኬት ላይ ሰክቶ ቤቱን ማብራት ደግሞ ሰው ይገድላል፦ ኃይሉ በቆጣሪው ወደ ኋላ ወጥቶ፣ በትራንስፎርመሩ ወደ ሺዎች ቮልት አድጎ፣ ጨለማ ነው ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ያገኘዋል።

አሁን ወደ አመጣጡ። የተዋችሁት አምፖል በራ። እልል ብላችሁ ሁሉን አትሰኩ። በዚያች ደቂቃ በሰፈሩ ያለ ሞተር ሁሉ አንዴ ይነሳል፣ ቮልቴጁም ይወርዳል፤ መስመሩ መልሶ ሊወድቅም ይችላል። 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ አምፖሉ ሳይንቀጠቀጥ ከቆየ ጥሩ። ከራውተርና ከቻርጀር ጀምሩ፣ ቲቪውን አስከትሉ፣ ፍሪጁን በመጨረሻ።

የፍሪጁ ነገር ትንሽ ላቆያችሁ። ጋዙን የሚያምቀው ሞተር፣ ኮምፕረሰሩ፣ ሲቆም በአንዱ ወገን የታመቀው ጋዝ ወዲያው አይረጋም፤ ግፊቱ በሁለቱም በኩል እኩል እስኪሆን ቢያንስ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ከተነሳ፣ ወይም ቮልቴጁ ዝቅ ብሎ ሳለ ከተነሳ፣ ሞተሩ መዞር ያቅተዋል። ያልዞረ ሞተር ደግሞ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባልና ጥቅልሉ ይግላል። ስትሰኩት ከጀርባው ጆሯችሁን አስጠጉ። አንዴ ነዝሮ በዝግታ ማጉረምረም ከጀመረ ተነስቷል። "እምም" ብሎ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ "ጠቅ" ካለና ዝም ካለ ግን፣ መከላከያው ቆርጦታል ማለት ነው፤ ደግሞ እንዲሞክር አትተዉት፣ ንቀሉና ሌላ 10 ደቂቃ ስጡት። በሁለተኛውም "ጠቅ" ካለ ለዛሬ እንደተነቀለ ይደር፤ ባለሙያ በጠዋት ይየው።

ደህና እደሩ።