አንድ ቁጥር ጎድሏል

እሺ፣ እየቀዳ ነው መሰለኝ። እንደተለመደው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነኝ፤ የእማዬ ካፖርት አፍንጫዬን እየነካኝ ነው። የጎረቤታችን አውራ ዶሮ ፋሲካንም ተሻግሯል፤ ማን እንደሚፈራው አላውቅም። መሀል ላይ ከጮኸ እንግዲህ ታውቁታላችሁ።

ስለ ኦማን እነግራችኋለሁ ካልኩ ስድስት ሳምንት ሞላኝ። አብራኝ የተጓዘችው ሻንጢት በየቀኑ "ምን ትጠብቂያለሽ?" ትለኛለች። ማስታወሻዬ እዚህ አለ፤ ምሽግ፣ ተራራ፣ በረሃ፣ ባሕር ብዬ በአራት ከፍዬዋለሁ። ግን ምሽጉ ላይ ስደርስ ሁሌ እዚያው እቀራለሁ።

ምሽጉ ያለው ኒዝዋ የምትባል ከተማ ነው። ከዋና ከተማዋ ከመስካት አንድ ሰዓት ተኩል ቢነዳ ነው። ዓርብ ጠዋት ነበር የደረስነው፤ የፍየል ገበያው ቀን ነው። እኛ ሀገር ገዢ ነው የሚዞረው አይደል? እዚያ ገዢው ቆሞ ሻጩ ፍየሉን እየጎተተ በክብ ይዞራል። ዋጋ እየጮኸ፣ ፍየሉም እየጮኸ። ሻንጢት ሻንጣዋን ይዛ መሀል ገብታ ሊገዟት ነበር። በመኪናው ተይው ብያት ነበር፤ ለአራት ቀን ጉዞ ሦስት ሻንጣ… ተዉት፣ ይህን ደጋግሜዋለሁ።

ከገበያው አጠገብ ግንቡ አለ። ክብ ነው፤ 30 ሜትር ያህል ቁመት አለው። ከታች ግማሹ ድረስ ውስጡ አፈርና ድንጋይ የተሞላ ነው፤ የመድፍ ንዝረት እንዳያናጋው። ወደ ላይ የሚወጣው አንድ ጠባብ ደረጃ ብቻ ነው፤ ይታጠፋል፣ የእንጨት በር፣ ይታጠፋል፣ ሌላ በር። በየበሩ አናት ላይ ቀዳዳ አለ። ጠላት በሩ ጋ ሲደርስ ከላይ የፈላ የቴምር ማር ይለቁበታል። ማር! መጀመሪያ አስጎብኚው የቀለደ መስሎኝ ነበር። ግን ቴምሩ የሚከማችበትንም ክፍል አየነው፤ ወለሉ እንደ ማሳ ትልም ትልም አለው፤ ከረጢቱ ላይ ከረጢት ሲጫን የታችኛው በክብደቱ ይጨመቅና ማሩ በትልሙ ይፈሳል። ሰላም ሲሆን ይበሉታል፣ ጦርነት ሲሆን ያፈሉታል።

ያሠራው ኢማም ሱልጣን ቢን ሰይፍ ነው፤ 12 ዓመት ፈጅቷል ይባላል። ይኸው ሰው ነው በፈረንጆቹ 1650 ፖርቹጋሎችን ከመስካት ያስወጣው። እኔ ደግሞ ወዲያው ሂሳብ ጀመርኩ፤ አፄ ፋሲል በዚያው በፈረንጆቹ 1632 ነገሡ፣ ኢየሱሳውያኑን፣ ከፖርቹጋሎቹ ጋር የመጡትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ አባረሩ፣ ጎንደር ላይ ግንብ ሠሩ። በአንድ ዘመን! ቀይ ባሕርን ተሻግረው ሁለት ሰዎች ከአንድ ሰፈር የመጡ እንግዶችን አስወጥተው ግንብ ገንብተዋል። ለዚህ ብቻ ሙሉ ክፍል እሠራለሁ ብዬ አናቱ ላይ ቆሜ ርዕስ እያወጣሁለት ነበር።

"ሀበሻ ናችሁ?"

ዞር ስል አንዲት ልጅ። ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት ብትሆን ነው። ሕፃን ታቅፋለች፣ ሌላ ወንድ ልጅ ቀሚሷን ይዟል። እኔና ሻንጢት ስለ ኮፍያ ስንጨቃጨቅ ሰምታን ነው። ማዳሟ ደረጃው በዝቶባት ከታች ጥላ ስር ቀርታለች። ልጆቹ ግንብ ካልወጣን ብለው አልቅሰው ነው እሷ ይዛቸው የወጣችው።

"እናንተስ የት ቤት ነው የምትሠሩት?" አለችን።

ይህቺን ጥያቄ ስንቴ መልሼ እንደሰማኋት። የማይመለስ ጥያቄ ሆኖ አይደለም። ሻንጢት ቶሎ ብላ "ለማየት ነው የመጣነው" አለቻት።

"ምኑን?"

"ይሄንን… ግንቡን። ተራራውን።"

"ለማየት ብቻ?" ብላ ሳቀች። ሳቋ ክፉ አልነበረም። እንደ መገረም፣ ትንሽም እንደ ደስታ። ወይም እኔ እንደዚያ ልሰማው ስለፈለግኩ ይሆናል። ከዚያ "ጎበዞች" አለችን፤ ልጅ ፊደል ሲቆጥር እንደሚባለው። እዚያ አራት ዓመቷ ነው። ግንቡ ከወጥ ቤቱ መስኮት ይታያታል፤ ዕቃ ስታጥብ ፊት ለፊቷ ነው። የወጣችው ያን ቀን ገና ነው።

ከዚያ ሕፃኑን ለሻንጢት ሰጠቻትና "አንሺኝ" አለችኝ። "እሱ ሳይኖርበት።" ሻርፗን ፈትታ እንደ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። ፀጉሯን በእጇ አስተካከለች። "ግንቡ ይታይ፣ ሥራ ላይ አልምሰል።" ሦስት አነሳሁ። ስልኳ ቤት ነው የቀረው፤ "ለእናቴ ላኪላት፣ የወንድሜን ቁጥር ያዢ" ብላ ትጠራልኝ ጀመር። ዜሮ ዘጠኝ… እኔ እጽፋለሁ። ከታች ማዳሟ ተጣራች። ትልቁ ልጅ ቀሚሷን ይጎትታል። ቁጥሩን እየጠራች ሕፃኑን ተቀበለች፣ እየጠራች ደረጃው ጋ ደረሰች። "እሺ እህቴ፣ እንዳትረሺ" ብላ ወረደች። ስሟን አልጠየቅኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም፣ ግን እኔ…

ማታ ሆቴል ገብቼ ስቆጥረው ዘጠኝ ነው። አንድ ቁጥር ጎድሏል።

እሷ ዘላው ይሆናል ብዬ ነበር። አይደለም፤ ያቺ ልጅ ቁጥሩን እንደ አቡነ ዘበሰማያት ነው የወረደችው። እኔ ነኝ። የት እንደዘለልኩት ባላውቅም ምን እያሰብኩ እንደነበር ግን አውቃለሁ። እናንተን እያሰብኩ ነበር። "ዕቃ ስታጥብ ፊት ለፊቷ" የምትለዋን እንዴት እንደምላት። እዚያው ቆማ ቁጥር እየነገረችኝ እኔ ስለሷ እያወራሁ ነበር፣ በሐሳቤ። አሁንም ይኸው እያወራሁ ነው።

እሺ። ተራራ።

ጀበል አኽዳር። ይህ የሚያስቅ ነው። መኪናው ባለ አራት ጎማ ኃይል ካልሆነ ኬላው አያሳልፍም። ሾፌራችን "ከፍታው 2,000 ሜትር ነው፣ ራሳችሁን ሊያዞራችሁ ይችላል" ብሎ አዘነልን። ከአዲስ አበባ ነው የመጣነው ስንለው አልገባውም። እኛ እኮ ወርደን ነው ያን ተራራ የወጣነው! እርከን አለ፣ ሮማን አለ፣ ጽጌረዳውን በጸደይ ለቅመው ውሃውን ያነጥሩታል። በረሃውን በአጭሩ፦ መግቢያው ላይ የጎማ ነፋስ ይቀነሳል፣ የሻንጢት ሻንጣ ጎማ ግን አሸዋ በልቶ ቀረ። ነፍስ ይማር።

ባሕር… ራስ አል ጂንዝ። ሌሊት በቡድን ይወስዷችኋል፣ መብራት የያዘው መሪው ብቻ ነው። ኤሊዋ ጉድጓድ ቆፍራ መቶ የሚያህል እንቁላል ትጥላለች፣ አሸዋ ትመልስበታለች፣ ወደ ባሕሩ ትሄዳለች። ሲፈለፈሉ አታያቸውም። አሁን ይህን ከዚያች ልጅ ጋር አገናኚው የምትሉ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። አላገናኝም። ኤሊ ናት። ደክሟታል፣ ትተነፍሳለች፣ ትንፋሿ ይሰማል። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል፣ ለማየት ብቻ።

ቆይ።

ሻንጢት፣ የሂሳብ ሰው አይደለች፣ ቁጭ ብላ ሠራችው። ዜሮ ዘጠኙ ትክክል ከሆነና አንድ ቁጥር ብቻ ከተዘለለ፣ የትም ይግባ የት፣ ሊሆኑ የሚችሉት 73 ናቸው። በመጨረሻው በኩል ያሉትን አሥሩን ጨርሻለሁ። አንዱ ሰውዬ "የማን ልጅ ነሽ? ፎቶ ከሆነ የራስሽን ላኪ" ብሎኛል። አንዲት እናት ግን "ልጄ አረብ ሀገር ናት" አሉኝ፣ ልቤ ቀጥ አለ። ቤሩት ናት። ሆኖም ሃያ ደቂቃ አወሩኝ፤ እኔም አልዘጋሁም።

ሻንጢት "ተዪው፣ ልጅቷ እኮ ከዚያ በኋላ ራሷ ተነስታ ልካ ይሆናል" ትላለች። ይሆናል። ግን ዳግመኛ ግንቡን መቼ ነው…

ፎቶውን ደግሞ አሁን ሳየው፣ ሦስቱም ላይ፣ ጥጉ ላይ የሕፃኑ እግር ገብቷል። ካልሲ የሌለው አንድ እግር። እሱ ሳይኖርበት ነበር ያለችኝ። ልቁረጠው? ብቆርጠው ግንቡም አብሮ ይቆረጣል፣ ግንቡ ይታይ ብላለች። መጀመሪያ እስቲ ቁጥሩ…

ዛሬ ሦስት ሞክሬያለሁ። ሁለቱ አገልግሎት ላይ አይደሉም። አንዱ ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። በዚህ ሰዓት ገበሬ ከሆነ ማሳ ላይ… ወይ ትምህርት ቤት፣ ወንድሟ ነው ያለችው፣ ትንሽ ወንድም ይሁን ትልቅ አላለችም። ማታ ልደውል ይሆናል። ወይ…

ይኸው፣ ዶሮው። ሰማችሁት? ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ።