ሰርቨሩ የማያውቀው ተርሚናል

ክቡራትና ክቡራን፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳና ከአለም ከተማ ድረስ ደብረ ብርሃን የመጣችሁ የሲስተም ባለሙያዎች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። የትዕዛዞቹ ትክክለኛ አጻጻፍ በተሰጣችሁ ወረቀት ላይ በላቲን ፊደል አለ፤ እኔ እንደሚነበቡ እጠራቸዋለሁ።

ትዕዛዝ በጽሑፍ ከምትሰጡበት መስኮት፣ ከተርሚናላችሁ፣ ተነስታችሁ ሊኑክስ፣ ፍሪቢኤስዲ ወይም ኦፕንቢኤስዲ የተባለ ሲስተም ወዳለበት ሩቅ ሰርቨር ከሩቅ በሚያገናኘው በኤስኤስኤች ትገባላችሁ። የጽሑፍ ማረሚያውን ናኖን ስትከፍቱ «ተርሚናሉን መክፈት አልተቻለም» ብሎ ይዘጋል። የፋይል ማንበቢያው ሌስ «ተርሚናሉ ሙሉ አይደለም» ብሎ ያስጠነቅቃል። የመሰረዣው ቁልፍ ከመሰረዝ ይልቅ እንግዳ ምልክት ይጽፋል። የሠንጠረዥ መስመር መታየት በነበረበት ቦታ ኤል፣ ኪው፣ ኬ የሚሉ ፊደላት ይደረደራሉ። ይህን ያየ ብዙ ሰው ሲስተሙ ተበላሸ ብሎ እንደ አዲስ ይጭነዋል፤ የአንድ ቀን ሥራም በከንቱ ይባክናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተበላሸ ነገር የለም። ሰርቨሩ በየትኛው ተርሚናል ላይ እንደሚጽፍ አላወቀም፣ ይኸው ነው።

ነገሩ የመጣው ተርሚናል ራሱን የቻለ የብረት ዕቃ ከነበረበት ዘመን ነው። ቪቲ100 የተባለው ተርሚናል በ1978 ገበያ ሲወጣ ሌሎች አምራቾች ደግሞ የየራሳቸውን የቁጥጥር ኮድ ይጠቀሙ ነበር። አንድ ፕሮግራም ሁሉንም እንዲያስተናግድ ቢል ጆይ በበርክሌይ የተርሚናል መግለጫዎች ስብስብ የሆነውን ተርምካፕን፣ ቀጥሎም ማርክ ሆርተን ተተኪውን ተርምኢንፎን ሠሩ። ዛሬ በአብዛኛው ሲስተም ላይ የምናገኘው ቶማስ ዲኪ የሚንከባከበው፣ ፕሮግራሞች ማያ ላይ ለመጻፍ የሚጠቀሙበት ኤንከርስስ የተባለው ላይብረሪ ነው። የመግለጫዎቹ ስብስብም አብሮት ይመጣል።

አሁን ዋናውን አሠራር ልብ በሉ። ተርሚናላችሁ ሲከፈት «ተርም» በተባለው ተለዋዋጭ ውስጥ ስሙን ይጽፋል። ስለ ተርሚናሉ ዓይነት ኤስኤስኤች ወደ ሰርቨሩ የሚያሻግረው ይህንን ስም ብቻ ነው። መግለጫው፣ ማለትም «ማያ ለማጽዳት ይህን ላክ፣ የቀኝ ቀስት ሲነካ ይህ ይመጣል» የሚለው ዝርዝር፣ ከሰርቨሩ ዲስክ ላይ ይፈለጋል። ኪቲ የተባለውን የተርሚናል ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ስሙ «ኤክስተርም-ኪቲ» ነው። ሰርቨሩ የቆየ ከሆነ ይህን ስም ሰምቶት አያውቅም።

በየቦታው የሚሰጠው መድኃኒት «ተርምን ኤክስተርም-256ከለር በለውና ተገላገል» የሚል ነው። ለአንድ አስቸኳይ ሥራ እኔም አልቃወመውም። ትዕዛዝ ተቀባዩ ባሽ ሲነሳ በሚያነበው በባሽአርሲ ፋይል ውስጥ ለዘለቄታው መጻፉን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቆረጥ የጀመራችሁት ሥራ እንዳይሞት ቲመክስ ትጠቀማላችሁ፤ ደግ አደረጋችሁ። ቲመክስ ግን በውስጡ ስሙ «ስክሪን» ወይም «ቲመክስ» በሚል እንዲጀምር ይፈልጋል። ባሽአርሲው በግድ ኤክስተርም ሲለው ፕሮግራሙ የሆም ቁልፍን በአንድ ኮድ ይጠብቃል፣ ቲመክስ በሌላ ይልካል፤ ሆምና ኤንድ ይሞታሉ። ሐሰተኛ ስም ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ አያድንም።

ትክክለኛው መፍትሔ መግለጫውን ራሱን ወደ ሰርቨሩ መላክ ነው። በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ኢንፎሲኤምፒን ከኤክስ አማራጭ ጋር አስነሱ፤ የተርሚናላችሁን መግለጫ በጽሑፍ ያወጣዋል። ያንን የአንዱን ትዕዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው በፓይፕ ወደ ኤስኤስኤች አስተላልፉና እዚያ ማዶ ቲክ በተባለው ትዕዛዝ፣ እንደገና ከኤክስ አማራጭ ጋር፣ አስጠናቅሩት። ኤክስን ከሁለቱ በአንዱ ላይ ከረሳችሁ ከመደበኛው ዝርዝር ውጭ ያሉት ችሎታዎች ይቀራሉ። የሚላከው ጥቂት ኪሎባይት ስለሆነ ኔትወርኩ በደከመበት ቀንም ያልፋል።

ይህ አሠራር ሦስት ቦታ ላይ ይሰናከላል። አንደኛ፣ ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ ካስነሳችሁት ቲክ መግለጫውን በቤት ማውጫችሁ፣ በነጥብ-ተርምኢንፎ ውስጥ ያስቀምጠዋል። በአስተዳዳሪ ሥልጣን በሚያሠራው በሱዱ ስትሠሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታየው የሩት፣ ማለትም የዋናው አስተዳዳሪ፣ የቤት ማውጫ ነው። ስለዚህ ናኖ ብቻውን ይሠራል፣ ሱዱ ናኖ ግን እምቢ ይላል። ያኔ ቲክን ራሱን በሱዱ አስነሱት። ሁለተኛ፣ የተጠናቀረውን ፋይል ገልብጣችሁ አትውሰዱ፤ ጽሑፉን ውሰዱ። ኤንከርስስ 6.1 በ2018 ሲወጣ ከ32767 ለሚበልጡ ቁጥሮች አዲስ የፋይል ቅርጽ አመጣ፤ የቆየ ላይብረሪ አያነበውም። ማክ ላይ ደግሞ የማውጫዎቹ ስም ራሱ ይለያል፤ በፊደል «ኤክስ» ፋንታ 78 የሚል ታገኛላችሁ። ሦስተኛ፣ ፍሪቢኤስዲ ለረጅም ዘመን በተርምካፕ ሲሠራ የኖረ ነው። ከሲስተሙ ጋር የመጣው ፕሮግራም ከተርምካፕ፣ ከፓኬጅ የተጫነው ከተርምኢንፎ ሊያነብ ስለሚችል፣ አንዱ ሠርቶ ሌላው ቢያስቸግር አትደነቁ። ዴቢያን በተባለው ሊኑክስ ላይ ኤንከርስስ-ተርም የሚባለውን ፓኬጅ መጫን ብዙውን ስም ያሟላል።

በሰርቨሩ ላይ ምንም መጻፍ ካልተፈቀደላችሁ፣ በኤስኤስኤች ማዋቀሪያ ፋይላችሁ ለዚያ አድራሻ ብቻ ሴትኢንቭ በሚለው መስመር ሌላ ስም ስጡ። ይህ የሚሠራው ከኦፕንኤስኤስኤች 8.7 ጀምሮ ነው።

የመሰረዣው ቁልፍ ጉዳይ የተለየ ነው። አንዳንድ ተርሚናል ኮድ 127 ይልካል፣ አንዳንዱ ኮድ 8። ኮንትሮል-ቪ ተጭናችሁ ቀጥሎ መሰረዣውን ንኩ፤ የሚላከው ኮድ ይታያል። የተርሚናሉን ቅንብር የሚያሳየውና የሚቀይረው ስቲቲዋይ የተባለው ትዕዛዝ ከኤ አማራጭ ጋር «ኢሬዝ» ብሎ ከሚያሳየው ጋር አስተያዩት። ካልተስማሙ ያንኑ በስቲቲዋይ አስተካክሉ። በሲሪያል ገመድ ስትገቡ ደግሞ የመስኮቱ ስፋት አብሮ አይተላለፍም፤ ረድፉንና ዓምዱን በእጃችሁ ንገሩት። የሠንጠረዥ መስመሮቹ ፊደል መሆን ፑቲ በተባለው የተርሚናል ፕሮግራም ላይ ከታየ፣ ኤንከርስስ ኖ-ዩቲኤፍ8-ኤሲኤስ የተባለውን ተለዋዋጭ 1 አድርጉት።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበን፣ ወደ ፊደላችን ልምጣ። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፤ ዩቲኤፍ8 በተባለው የፊደል ኮድ ግን ዘጠኝ ባይት ነው። የሰርቨሩ ሎካል፣ ማለትም የቋንቋና የፊደል ቅንብሩ፣ «ሲ» ከሆነ ዘጠኝ ቦታ ይቆጥራል፣ የመጻፊያው ጠቋሚ ከርሰሩም ይሳሳታል። የእናንተ ኮምፒውተር የአማርኛ ሎካል ስሙን ልኮ ሰርቨሩ ያልጫነው ከሆነም ወደዚያው ይመለሳል። በሰርቨር ላይ ሲ-ዩቲኤፍ8 የሚለውን ምረጡ፤ የአማርኛ ጽሑፍን በትክክል ለማስተናገድ ይበቃል። ስትሰርዙ የፊደሉ ቁራጭ ከቀረ፣ ሊኑክስ ላይ በስቲቲዋይ አይዩቲኤፍ8 የተባለውን ቅንብር አብሩ፤ አለዚያ ከሦስቱ ባይት አንዱ ብቻ ነው የሚጠፋው።

ሎካሉ ተስተካክሎም ጨ፣ ጭ፣ ሟ ጎናቸው ተቆርጦ ሊታዩ ይችላሉ። ይህ የተርምኢንፎ ስህተት አይደለም። ሲስተሙ ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል አንድ ሳጥን ይመድባል፤ ሳጥኑ የተለካው ግን በላቲን ፊደል ነው። በኪቲ ሞዲፋይ-ፎንት በሚለው የሳጥኑን ስፋት 120 በመቶ ማድረግ፣ አላክሪቲ በተባለው ሌላ የተርሚናል ፕሮግራም ደግሞ የፎንት ኦፍሴትን (የፊደሉን ክፍተት) በኤክስ አቅጣጫ መጨመር ያግዛል። ላቲኑ ትንሽ ይራራቃል፤ አማርኛውን መቁረጥ ግን ይባስ ነው። መስኮት በሌለው የሊኑክስ ኮንሶል ላይ ፎንት ከ512 ቅርጽ በላይ አይዝም። ከዴቢያን ኮንሶል-ሴትአፕ ጋር የሚመጡት የኢትዮጵያ ፎንቶች፣ ጎሃን ጨምሮ፣ ለዚሁ የተዘጋጁ ናቸው። ከ256 ቅርጽ በላይ የያዘ ፎንት ስትጭኑ በጽሑፍ ኮንሶል ላይ የፊደል ቀለማት ከ16 ወደ 8 ሊወርዱ ይችላሉ።

ስህተት ስታገኙ ለተርሚናሉ ሠሪዎች ሪፖርት አድርጉ። የተርምን ዋጋ፣ የኢንፎሲኤምፒን ውጤት፣ የሎካሉን ዝርዝር፣ የሲስተሙንና የተርሚናሉን የሥሪት ቁጥር፣ የፎንቱን ስም አያይዙ፤ የተቆረጠውን ፊደልም በምስል ብቻ ሳይሆን በዩኒኮድ ቁጥሩ ጻፉ። በወረቀቱ ጀርባ ላይ ይህን የምትሞሉበት ቅጽ አለ፤ ከእረፍት በኋላ የየራሳችሁን ሰርቨር ከፍታችሁ እየሞላን እንቀጥላለን።