አንድን ቀመር ማንበብ፦ ሽቶ መቀመም ለሚጀምሩ መነሻ ቃላት

[በስክሪኑ ላይ ባለ ስድስት መስመር ቀመር በዝግታ ይጻፋል]

ተራኪ፦ በስክሪኑ ላይ የሚታየው የሽቶ ቀመር ነው። የላቬንደር ዘይት 40 ክፍል፣ የቤርጋሞት ዘይት 25፣ የጄራኒየም ዘይት 15፣ የፓቹሊ ዘይት 8፣ ኩማሪን 6፣ ሰው ሠራሽ ምስክ 6፤ ድምሩ 100 ክፍል። ለዚህ ማብራሪያ ሲባል የተጻፈ ቀላል ቀመር ቢሆንም፣ ጀማሪ ቀማሚ የሚያስፈልጉት መነሻ ቃላት አብዛኞቹ በእነዚህ ስድስት መስመሮች ዙሪያ ይገኛሉ። ቃላቱ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳሉ፦ ይህ ነገር ምንድን ነው? መቼ ይሸታል? መጠኑስ ምን ያህል ነው? በእኔ እምነት የጀማሪዎችን ሥራ ከአፍንጫ ድክመት ይልቅ የሚያበላሸው የአንዱን ጥያቄ ቃል ለሌላው ጥያቄ መልስ አድርጎ መውሰድ ነው፤ ለምሳሌ ጊዜን የሚያመለክተውን ቃል የጥንካሬ መለኪያ አድርጎ መረዳት።

[በስክሪኑ ላይ፦ ምንድን ነው?]

ላቬንደር፣ ጄራኒየም እና ፓቹሊ በቀመሩ ውስጥ የገቡት ተናኝ ዘይት ሆነው ነው። ተናኝ ዘይት ስብነት የሌለው፣ ወደ አየር የሚተን፣ በርካታ ሞለኪውሎች የተደባለቁበት ፈሳሽ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እንፋሎት በተክሉ ውስጥ እንዲያልፍ በማድረግ ነው። እንፋሎቱ መዓዛ ያላቸውን ሞለኪውሎች ይዞ ይወጣና ሲቀዘቅዝ ውሃው እና ዘይቱ ይለያያሉ። የቤርጋሞት ዘይት ግን በዚህ መንገድ አይመረትም፤ ቤርጋሞት የሎሚና የብርቱካን ዘመድ በመሆኑ ዘይቱ የሚገኘው የፍሬውን ልጣጭ ያለ ሙቀት በመጭመቅ ነው።

እንፋሎት የማይስማማቸው አበቦችም አሉ። ጃስሚን ሙቀት ስለሚጎዳው መዓዛው የሚወጣው ሄክሴንን በመሰለ አሟሚ ነው። አሟሚው ከተወገደ በኋላ የሚቀረው ሰም የተቀላቀለበት ጥቅጥቅ ያለ ነገር ኮንክሬት ይባላል፤ ኮንክሬቱ በአልኮል ታጥቦ፣ ሰሙ ተጣርቶ፣ አልኮሉም ተኖ ሲያበቃ የሚገኘው ደግሞ አብሶሉት ነው። ከዚህ ቀደም ይኸው ሥራ አበባን በንጹሕ ስብ ላይ በመደርደር ይሠራ ነበር። ይህ አንፍለራዥ የተባለ ዘዴ የደቡብ ፈረንሳይዋ ግራስ ከተማ ከታወቀችባቸው ሙያዎች አንዱ ሲሆን፣ እጅግ ብዙ የሰው ጉልበት ስለሚጠይቅ ዛሬ ከሞላ ጎደል ቀርቷል።

በተናኝ ዘይት እና በአብሶሉት መካከል ያለው ልዩነት የአመራረት ዝርዝር ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ፣ ጽጌረዳን ምሳሌ ማድረግ ይጠቅማል። አንድ ኪሎ ግራም የጽጌረዳ ተናኝ ዘይት ለማግኘት ከ3,000 እስከ 5,000 ኪሎ ግራም የሚደርስ አበባ ያስፈልጋል። ለአበባው ለስላሳ ጠረን ትልቅ ድርሻ ያለው ፊኒል ኢቲል አልኮል የተባለው ሞለኪውል በውሃ ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟ፣ በእንፋሎት ሥራው ጊዜ አብዛኛው ከውሃው ጋር ይቀራል፤ በአብሶሉቱ ውስጥ ግን ከሁሉም የበዛው ንጥረ ነገር እርሱ ነው። ስለዚህ ከአንድ ዓይነት አበባ የወጡት ሁለቱ ምርቶች የተለያየ ጠረን አላቸው። በቀመር ላይ «ጽጌረዳ» ብሎ ብቻ መጻፍ ሌላ ሰው ሊደግመው የማይችል ማስታወሻ መተው ነው፤ ዘይት ይሁን አብሶሉት ተለይቶ መጻፍ አለበት።

በአምስተኛው መስመር ያለው ኩማሪን ከእስካሁኖቹ ይለያል፤ አንድ ሞለኪውል ብቻ ነውና። በቶንካ ፍሬ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ፣ የደረቀ ሣር እና የለውዝ ጠረን የሚያስታውስ ነጭ ክሪስታል ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ፐርኪን በ1868 በቤተ ሙከራ ሠራው፤ በ1882 ደግሞ ኡቢጋን የተባለው የፓሪስ ሽቶ ቤት ፉዤር ሮያል በተሰኘው ሽቶ ውስጥ ተጠቀመበት። እንዲህ ያለ ነጠላ ንጥረ ነገር ከተክል ተለይቶ ሲወጣ አይሶሌት፣ በኬሚስትሪ ሲሠራ ደግሞ ሰው ሠራሽ የመዓዛ ንጥረ ነገር ይባላል። ሞለኪውሉ አንድ ከሆነና ንጽሕናው እኩል ከሆነ አፍንጫ ምንጩን ሊለይ አይችልም። ምስክም ድሮ ከወንድ የምስክ አጋዘን ዕጢ ይወሰድ ነበር፤ ዛሬ በሽቶ ውስጥ የሚገባው ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው ሠራሽ ነው። አንዳንድ ሰዎች የተወሰኑ ምስኮችን ጨርሶ ስለማያሸቱ፣ ቀማሚው «ይህ ጠረን የለውም» ብሎ ከመጣሉ በፊት ሌላ ሰው እንዲያሸተው ማድረግ ይገባዋል።

[በስክሪኑ ላይ፦ መቼ ይሸታል? ሦስት የማሽተቻ ወረቀቶች ጎን ለጎን]

አሁን ወደ ጊዜ እንለፍ። ንጥረ ነገሮች ሁሉ በአንድ ፍጥነት አይተኑም። ትናንሽና ቀላል ሞለኪውሎች በአብዛኛው ፈጥነው ወደ አየር ይወጣሉ፤ ከባዶቹ ይዘገያሉ። የላይኛው ኖት፣ የመካከለኛው ወይም የልብ ኖት፣ የመሠረት ኖት የሚባሉት ቃላት የሚገልጹት ይህንኑ የመትነን ፍጥነት ነው። በቀመራችን ቤርጋሞት የላይኛው ኖት ሲሆን በቆዳ ላይ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጎልቶ ይታይና ይደበዝዛል፤ ላቬንደር ከላይኛው ተነሥቶ ወደ ልብ ይዘልቃል፤ ጄራኒየም በልቡ ላይ ለተወሰኑ ሰዓቶች ይቆያል፤ ፓቹሊ፣ ኩማሪን እና ምስክ መሠረቱን ይይዛሉ። ድንበሩ ግን ጥብቅ አይደለም፤ መሠረቱም ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ይሸታል፣ ሌሎቹ ሲያልፉ ብቻውን ይቀራል እንጂ።

ከመግቢያው ላይ የተነሣው ስሕተት ብዙ ጊዜ የሚታየው እዚህ ነው። የመሠረት ኖት መሆን ብርቱ መሆን አይደለም። ብዙ ምስኮች ለቀናት በወረቀት ላይ ይቆያሉ፤ ጠረናቸው ግን ለስላሳ ነው። በተቃራኒው አንዳንድ የላይኛው ኖት ንጥረ ነገሮች ፈጥነው የሚጠፉ ሆነው ሳለ ጥቂት ጠብታቸው ቀመሩን በሙሉ ይሸፍናል። ሽቶው «ደካማ ነው» የሚል ሰው በመሠረቱ ላይ ምስክ ቢያበዛ፣ የሚያገኘው ረጅም ጊዜ የሚቆይ ደካማ ሽቶ ነው።

ሁለት ቃላት ይህንን ለመለየት ያግዛሉ። ቆይታ ማለት ሽቶው በቆዳ ላይ የሚዘልቅበት ጊዜ ነው፤ ሲያዥ ደግሞ ሽቶውን የተቀባው ሰው ሲያልፍ ከኋላው በአየር ላይ የሚተወው ጠረን ነው። ፊክሳቲቭ ወይም ማጽኛ የሚባለው ዘገምተኛ ንጥረ ነገር የሌሎቹን መትነን በመጠኑ ያዘገያል፤ ሆኖም ሎሚን የሙሉ ቀን ጠረን የሚያደርግ ማጽኛ የለም።

የየንጥረ ነገሩን ጊዜ ለማወቅ የማሽተቻ ወረቀት ከየትኛውም መጽሐፍ ይበልጣል። በወረቀቱ ጫፍ ላይ የንጥረ ነገሩን ስም፣ ቀኑን እና ሰዓቱን ይጻፉ፤ ሌላውን ጫፍ ይንከሩ፤ ወዲያው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ በማግስቱም ያሽትቱ። አፍንጫ አንድን ጠረን ደጋግሞ ሲያሸት ስለሚላመደውና መለየት ስለሚያቅተው፣ በየመካከሉ ማረፍ የሥራው አካል ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ ላቬንደር እና ኩማሪን በቀስት ይገናኛሉ]

ላቬንደር እና ኩማሪን ለየብቻ ሲሸተቱ ሁለት ነገር ናቸው፤ በተስማማ መጠን ሲገናኙ ግን ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ጠረን ይወለዳል። ይህ አኮርድ ይባላል፤ ከቃላቱ ሁሉ የምወደው እርሱ ነው፣ ምክንያቱም ሽቶ መቀመም ከመደባለቅ የሚለየው በዚህ ነጥብ ነው። ኦክሞስ የተባለው በዛፍ ግንድ ላይ የሚያድግ ሽበት መሰል ላይከን (የፈንገስና የአልጌ ጥምር) ሲታከልባቸው፣ ፉዤር የተባለው የሽቶ ቤተሰብ መሠረት ይሆናል። ቤርጋሞት፣ ላብዳነም የተባለው ሙጫ እና ኦክሞስ ደግሞ ፈረንሳዊው ሽቶ ቀማሚ ፍራንሷ ኮቲ በ1917 ባወጣው ሽቶ ስም ሺፕር ተብሎ የሚጠራውን ቤተሰብ ያቆማሉ። አምበር የሚባለውም አኮርድ ነው፦ ላብዳነም፣ የቫኒላ ጠረን ያለው ቫኒሊን እና ቤንዞይን የተባለው ሌላ ሙጫ። ጀማሪ ሰው ሃያ ንጥረ ነገር በአንዴ ከማደባለቅ ይልቅ በሁለትና በሦስት ንጥረ ነገር አኮርድ መሥራት ቢለማመድ፣ የትኛው ምን እንዳደረገ ለማወቅ ይችላል።

[በስክሪኑ ላይ፦ ምን ያህል? ሚዛን እና ትንሽ ጠርሙስ]

መጠን በጠብታ አይለካም። የጠብታ ክብደት እንደ ፈሳሹ ውፍረትና እንደ መንጠባጠቢያው አፍ ስፋት ይለያያል፤ ስለዚህ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ከውድ ዘይት ቀድሞ መገዛት አለበት። ማቅጠን የሚባለው ንጥረ ነገርን በአልኮል ወይም በሌላ አሟሚ ማሳሳት ነው። ወደ 10 በመቶ ለማቅጠን 1 ግራም ንጥረ ነገር በ9 ግራም አልኮል ላይ ይጨመራል፤ 1 ግራሙን በ10 ግራም ላይ የሚጨምር ሰው የሚያገኘው ግን 9.1 በመቶ ገደማ ነው። ቀመር ላይ «10 በመቶ የሆነ ኩማሪን 6» ከተባለ በውስጡ ያለው ንጹሕ ኩማሪን 0.6 ብቻ ነው፤ የመቅጠኑ ልክ ካልተጻፈ ቀመሩ አሥር እጥፍ ሊዛባ ይችላል።

ማቅጠን ጠረኑን ከማለዘብ አልፎ ጠባዩንም ይለውጣል። በጃስሚን ውስጥ ያለው ኢንዶል በንጹሕነቱ ከባድና የሚያስጠላ ሲሆን፣ በጣም ሲቀጥን አበባው ሕያው እንዲመስል ያደርጋል። ከጥርኝ የሚወሰደው ዝባድም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አንድን ንጥረ ነገር ሳይቀጥን አሽትቶ «አልወደድኩትም» ማለት ፍርድን ማስቸኮል ነው።

ቀመሩ አልኮል ሳይጨመርበት ኮንሰንትሬት ይባላል። በሽቶ ጠርሙስ ላይ የምናነባቸው ስሞች በአልኮል ውስጥ ያለውን የኮንሰንትሬት መጠን በግምት ያመለክታሉ፦ ኦ ደ ኮሎኝ ከ2 እስከ 5 በመቶ፣ ኦ ደ ቷሌት ከ5 እስከ 15፣ ኦ ደ ፓርፋም ከ15 እስከ 20፣ ኤክስትሬ ከዚያ በላይ። ቁጥሮቹ ከአንዱ ሽቶ ቤት ወደ ሌላው ይለያያሉ። አልኮል ከተጨመረ በኋላ ሽቶው ለሳምንታት በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል፤ በዚህ ጊዜ አልዲሃይድ ከሚባሉት የመዓዛ ሞለኪውሎች አንዳንዶቹ ከአልኮሉ ጋር ስለሚዋሐዱ ጠረኑ ይለዝባል። ከዚያም ቀዝቅዞ ይጣራል።

[በስክሪኑ ላይ፦ ቤርጋሞት የሚለው መስመር ይደምቃል]

የመጨረሻው ቃል ገደብ ነው። በ1973 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የመዓዛ ማኅበር፣ በአጭሩ ኢፍራ፣ ንጥረ ነገሮች በቆዳ ላይ ሊውሉ የሚገባቸውን ከፍተኛ መጠን ያወጣል። ተጨምቆ የወጣ የቤርጋሞት ዘይት ቤርጋፕተን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው፣ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ሊያቃጥል ይችላል፤ በመሆኑም በቆዳ ላይ በሚቀሩ ምርቶች ገደቡ 0.4 በመቶ ነው። ወደ ቀመራችን እንመለስና እናስላ። ኮንሰንትሬቱን 10 በመቶ አድርገን ኦ ደ ቷሌት ብንሠራ፣ 25 ክፍል የሆነው ቤርጋሞት በተዘጋጀው ሽቶ ውስጥ 2.5 በመቶ ይሆናል፤ ይህም ከገደቡ ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ወይ ቤርጋፕተኑ የወጣለትን የቤርጋሞት ዘይት መግዛት፣ ወይ መጠኑን ከ25 ወደ 4 ክፍል ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ከተመረጠ የላይኛው ኖት ባዶ ስለሚሆን፣ ላቬንደሩን እና ጄራኒየሙን እንደገና መዝኖ ቀመሩን ከመጀመሪያው መስመር መጻፍ ግድ ይሆናል።