ቅሬን የሚያውቅ ግራም ሳባን ለመረዳት አይቸገርም

እንዴት ናችሁ ጀማው? ከደሴ ነኝ። ዛሬ ህንድ እንሄዳለን። ግን መጀመሪያ ቅሬ እንቀመጥ።

ቅሬ ስል ወሎዬው ገብቶታል። ሌላው እድር ይበለው። እኛ ዘንድ ግን ቅሬ ከቀብር ያልፋል። እርግጥ ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው ቅሬ ነው፤ እስላሙ ለክርስቲያኑ ይቆፍራል፣ ክርስቲያኑ ለእስላሙ ቃሬዛ ይሸከማል። ደግሞ ከብት የሰው አዝመራ ሲበላም ቅሬ ነው፣ ወሰን ሲገፋም ቅሬ ነው። ያጠፋ ይቀጣል። አሻፈረኝ ካለ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ መውጣትን ታውቁታላችሁ? እሳት አይጫርለትም፣ ቡና አይጠራም፣ ሲሞት ቀባሪ የለውም። ፖሊስ የለ፣ እስር ቤት የለ፣ ሰው ግን ይፈራዋል። እኔ ይሄን ነገር ተናግሬ አልጠግብም!

በሉ ህንድ። እዚያ አዲቫሲ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ቆጠራ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1996 ፔሳ የሚባል ሕግ ወጣላቸው። ግራም ሳባ፣ የመንደሩ ጉባኤ ማለት ነው፣ ወጉን፣ የጋራ ሀብቱን፣ የዳኝነት ባህሉን እንዲጠብቅ ሥልጣን አገኘ። በ2006 የደን መብት ሕግ ተጨመረ። ሕጉ ይኸው ነው፣ እንለፍ።

ባለፈው ግራም ሳባን ሳነሳ ብዙዎቻችሁ «እንደኛ አበጋር ነዋ!» ብላችኋል። አይደለም፣ አብሽሩ፣ ላስረዳ። አበጋር በዘር የሚወርድ ነው፤ የተመረቀ፣ ደም የሚያደርቅ፣ ባለ ደም ከባለ ደም የሚያስታርቅ ሰው ነው። አከብረዋለሁ። ግራም ሳባ ግን የተመረጡ ሽማግሌዎች አይደሉም። በመራጮች መዝገብ ስሙ ያለ የመንደሩ ሰው ሁሉ ነው። ሁሉ! ወጣቱ፣ ሴቷ፣ መሬት የሌለው።

እዚህ ላይ የእኛ ቅሬ ያመኛል። በብዙ ቅሬ መዝገብ ላይ የሚጻፈው የአባወራው ስም ነው። ለለቅሶ ንፍሮ የምትቀቅለው፣ ውሃ የምታመላልሰው እናት ውሳኔው ላይ የለችም። ሸክላ ሠሪዋማ «ቡዳ» እየተባለች ስንት ዘመን ከዳር ተቀመጠች! በጀበናዋ ቡና እየጠጣን እሷን ማራቅ ነውር ነው፤ ደግሜ እላለሁ፣ ነውር ነው።

ህንድም ቢሆን ሕጉ የተጻፈለት መንደር ሁሉ ይሠራበታል ማለት አይደለም። ሲሠራ ግን ይኸውላችሁ፤ በህንዷ ኦዲሻ ግዛት ኒያምጊሪ የሚባል ተራራ አለ፣ እዚያ የሚኖሩት አዲቫሲዎች፣ ዶንግሪያ ኮንዶች፣ አምላካችን ያለበት ነው ይላሉ። ኩባንያ ቦክሳይት፣ አሉሚኒየም የሚሠራበትን ማዕድን፣ ላውጣ አለ። በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መንደሮቹ ይጠየቁ ብሎ ወሰነ። 12 መንደሮች ተራ በተራ ተሰበሰቡ፣ ሴቶቹም ተነስተው ተናገሩ። 12ቱም እምቢ አሉ። በ2014 መጀመሪያ መንግሥት ፈቃዱን ከለከለ።

ሰብስክራይብ አድርጉ፤ በሚቀጥለው አበጋርን ለብቻው እንይዘዋለን። እስከዚያ የሰፈራችሁን የቅሬ መዝገብ ገልጣችሁ እዩልኝ፤ የእናታችሁ ስም አለበት?