አንድ ዘፈን ቢወጣ ምን ይጎድላል?

[ምስል፦ ባዶ መድረክ። ከጀርባ የቫዮሊን ድምፅ።]

ሙዚቃዊ ቲያትር የማይወዱ ሰዎች ሁሌ የሚያነሷት ጥያቄ አለች። ሰውየው ደህና እያወራ ነበር፤ ምን ነክቶት ነው ድንገት መዝፈን የጀመረው?

ጥያቄዋ ተገቢ ናት። መልስ የሌላቸው ሥራዎችም ሞልተዋል። ተዋናዮቹ ያወራሉ፣ ታሪኩ ይቆማል፣ ይዘፈናል፣ ይጨበጨባል፣ ከዚያ ታሪኩ ካቆመበት ይቀጥላል። ዘፈኑን አውጥታችሁ ብትጥሉት ማንም ልብ አይልም።

እንግዲህ የእኔ መለኪያ ይቺው ናት። አንዱን ዘፈን ስታወጡት ታሪኩ ይናጋል ወይስ አይናጋም? ዛሬ በዚህ መለኪያ የምንፈትሸው ብዙ ሰው እንከን የለሽ የሚለውን ሥራ ነው።

[ምስል፦ የኒውዮርክ ብሮድዌይ በ1960ዎቹ።]

«ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ» ይባላል፤ ጣሪያ ላይ ሆኖ ቫዮሊን የሚጫወት ሰው እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የኒውዮርክ የቲያትር ሰፈር በሆነው ብሮድዌይ ላይ ተከፈተ። እስከ 1972 ድረስ 3,242 ጊዜ ታየ። ለብሮድዌይ ቲያትር የሚሰጠውን ትልቁን ሽልማት፣ ቶኒን፣ 9 ወሰደ። ዜማው የጄሪ ቦክ፣ ግጥሙ የሼልደን ሃርኒክ፣ ድርሰቱ የጆሴፍ ስታይን ነው። መነሻቸው ሾሌም አሌክም የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ በሆነው በይዲሽ የጻፋቸው ታሪኮች ናቸው።

ዘመኑ 1905 አካባቢ ነው። ቦታው በሩሲያው ንጉሠ ነገሥት፣ በዛሩ፣ ግዛት ያለች አናቴቭካ የምትባል ትንሽ የአይሁድ መንደር። ቴቭዬ ድሃ ወተት ሻጭ ነው። ፈረሱ ስላነከሰ ጋሪውን ራሱ ይጎትታል። አምስት ሴት ልጆች አሉት። ሦስቱ ለአቅመ ሔዋን ደርሰዋል።

አዘጋጁና ውዝዋዜውን የቀመረው ጄሮም ሮቢንስ ነው። ልምምድ ሳይጀመር ደራሲዎቹን ቁም ስቅላቸውን አሳያቸው። በተገናኙ ቁጥር ይሄ ቲያትር ስለ ምንድን ነው ይላቸዋል። ልጆቹን ሊድር ስለሚፍጨረጨር ወተት ሻጭ ነዋ ይሉታል። አልተዋጠለትም። መልሶ ይጠይቃል። በመጨረሻ አንዳቸው ስለ ወግ ነው፣ ወጉ እየፈረሰበት ስላለ ሕዝብ ነው አለ። ሮቢንስ ይሄን ሲሰማ በቃ እሱን ጻፉልኝ አለ።

መጀመሪያ የጻፉት መክፈቻ እናትና ልጆች ለሰንበት ሲጣደፉ የሚያሳይ ነበር። እሱ ተጣለ። በምትኩ «ወግ» የሚለው ዘፈን ገባ። አባቶች የራሳቸውን ድርሻ በራሳቸው ዜማ ይዘፍናሉ። እናቶች በሌላ ዜማ ይከተላሉ። ወንዶች ልጆች፣ ከዚያም ሴቶች ልጆች። በመጨረሻ አራቱም ዜማ አንድ ላይ ይነሳል፤ ደግሞም ይገጥማል። ማን ምን እንደሚሠራ፣ ማን ማንን እንደሚታዘዝ ጥቂት ደቂቃ ውስጥ አወቅን። ይቺን ባናውቅ ቀጥሎ የሚፈርሰው ነገር ምኑም አይቆጨንም ነበር።

[ምስል፦ ጋሪ የሚጎትት ጢማም ሰው።]

ከዚያ ቴቭዬ ሀብታም ብሆን ብሎ ይዘፍናል። ትልቅ ቤት፣ የትም የማይደርስ ለታይታ ብቻ የተሠራ ደረጃ፣ ግቢ ሙሉ ዶሮና ዳክዬ። እንስቃለን። መጨረሻው ላይ ግን ዜማው ረገብ ይላል። ከሁሉ በላይ የሚመኘው ምኩራብ ተቀምጦ መጻሕፍትን ከሊቃውንት ጋር ለመወያየት ጊዜ ማግኘት ነው። ይሄ ሰው ሃይማኖቱ ነፍሱ ነው። ይሄን ያዙልኝ፤ ሦስተኛዋ ልጅ ጋ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ትልቋ ጻይትል በደላላ ለባለ ሉካንዳው ሽማግሌ ታጭታለች። እሷ ግን ድሃውን ልብስ ሰፊ ትወዳለች። አባቷን ትለምነዋለች። ቴቭዬ ብቻውን ይቆምና በአንድ በኩል እንዲህ፣ በሌላ በኩል እንዲያ እያለ ይመዝናል። ፈቀደ። ሁለተኛዋ ሆድል አብዮተኛውን ተማሪ ይዛ ትመጣለች። እነሱማ ፈቃድ አልጠየቁም። ምርቃት ብቻ ነው የፈለጉት። በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል፤ መረቀ። ሦስተኛዋ ሃቫ አይሁዳዊ ያልሆነ ሩሲያዊ ወጣት ወደደች። አሁንም መመዘን ይጀምራል። አሁን ግን ሌላ በኩል የሚባል የለም። ሁለት ጊዜ ያሳቀን አነጋገር ሦስተኛ ላይ አንጀት ይቆርጣል።

ዘፈንን በዘፈን ላይ መደርደር ቀላል ነው። አንዱን ነገር ሦስቴ ደግሞ በየጊዜው ሌላ ትርጉም ማሸከም ነው ከባዱ።

[ምስል፦ ሠርግ። ጠርሙስ ባርኔጣቸው ላይ ያቆሙ ወንዶች።]

ለእኔ ግን ትልቁ የሠርጉ ትዕይንት ነው። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላ ወገን ናቸው። መሐላቸው ገመድ አለ። ወንዶቹ ጠርሙስ ባርኔጣቸው ላይ አቁመው በጉልበታቸው ይሄዳሉ። ጠርሙሶቹ አልተጣበቁም። ተመልካቹ ትንፋሹን ይዞ ያያል። ወዲያው አብዮተኛው ተነሥቶ ከሆድል ጋር እጨፍራለሁ ይላል፤ ገመዱን ተሻግሮ። ጉድ ፈላ። አንድ በአንድ ሌሎችም ይከተላሉ፤ ቴቭዬም ሚስቱን ይዞ ይነሣል። ወጉ ሲፈርስ በቃል አልተነገረንም። ሲጨፈር አየነው። ደስታው ገና ሳይበርድ ሩሲያውያኑ ይመጣሉ፣ ሠርጉን ይበትናሉ፣ ዕቃ ይሰብራሉ። የመጀመሪያው ክፍል እዚያ ላይ ያበቃል። ያንን ውዝዋዜ ለጌጥ ነው የገባው የሚል ካለ ደግሞ ይመልከተው።

ብሮድዌይ ከመድረሱ በፊት በሌላዋ የአሜሪካ ከተማ በዲትሮይት ተሞክሯል። ዘፈን የሚጣለውም የሚወለደውም እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። መንደሩ ተባርሮ ሲሰደድ ቴቭዬ ስለ መሲህ መምጣት የሚዘፍነው አስቂኝ ዘፈን ነበር። ደራሲዎቹ ወደውታል። ሰው ግን አልሳቀም። በዚያ ሰዓት ማን ይስቃል? ወጣ።

እዚያው ዲትሮይት የተጻፈው ደግሞ የቴቭዬና የሚስቱ የጎልዴ ቅብብል ነው። ልጆቻቸው በፍቅር ሲያገቡ አይቶ፣ ትወጂኛለሽ ወይ ይላታል። የተጋቡት በቤተሰብ ነው፤ መጀመሪያ የተያዩትም በሠርጋቸው ቀን። እሷ ትበሳጫለች። 25 ዓመት ልብስህን ያጠብኩት፣ ምግብህን ያበሰልኩት ምን ልሁን ብዬ ነው ዓይነት። ዜማው ለንግግር የቀረበ ነው። ያቺ የመጀመሪያዋ ጥያቄ እዚህ መልስ ታገኛለች። ሰውየው ለምን ዘፈነ? ይሄን ነገር በደረቅ ንግግር ሊጠይቃት ስለማይደፍር። የኛ አገር አባቶችም የሚደፍሩ አይመስለኝም።

[ምስል፦ የ1971ዱ ፊልም።]

ታዲያ እንከን የለሽ ነው? በ1971 ኖርማን ጁዊሰን ፊልም ሲያደርገው ሁለት ዘፈን ጣለ። አንደኛው አብዮተኛው ሆድል እሺ ስትለው የሚዘፍነው ነው። ሁለተኛው የመንደሩ ሰው ወሬ እየተቀባበለ የሚያጣምምበት ነው። ፊልሙን ያየ ሰው አንድ ነገር ጎደለኝ ሲል ሰምቼ አላውቅም። እኔም መድረኩን ከማወቄ በፊት ልብ አላልኩም። ስለዚህ በራሴ መለኪያ ከሄድን፣ ሁለት ዘፈን ትርፍ አለው። የወሬው ይቆይ ካላችሁ ግን አልጣላም፤ ያስቃል፣ ከባዱ ነገር ከመምጣቱ በፊትም ትንፋሽ ይሰጣል። የአብዮተኛውን ግን አልከራከርለትም።