አስር ፓራ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ዝናቡ ድምፁን ቢረብሽባችሁ ይቅርታ።

ሰሞኑን አንድ የቱርክ ዘፈን ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። የአሺክ ቬይሰል ነው። ቱርኮች ሳዝ የሚባለውን ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ እየመታ ግጥም የሚያወርደውን ባለሙያ «አሺክ» ይሉታል። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ አፍቃሪ ማለት ነው። በሕመሙ ነው የጠሩት እንግዲህ።

ቬይሰል በ1894 በሲቫስ አውራጃ፣ ሲቭሪያላን በምትባል መንደር ተወለደ። በልጅነቱ ፈንጣጣ ያዘው፣ አንድ ዐይኑ ጠፋ፤ ሌላው ደግሞ ቆይቶ በአደጋ ጠፋ። አባቱ ሐዘኑን እንዲረሳበት ብሎ ሳዝ ገዛለት።

ዘፈኑ ምን ይላል መሰላችሁ? በእኔ ውስጥ ያለው ፍቅር ባይኖር ውበትሽ አስር ፓራ አያወጣም ነበር! ፓራ የድሮ ሳንቲም ናት፣ 40ው ተጠራቅሞ ኩሩሽ የሚባል አንድ ሳንቲም ይሆን ነበር። መጀመሪያ ትርጉሙን ሳውቅ ሳቄ መጣ። ሰው የሚወዳትን ሴት ዐይኗን፣ ጥርሷን፣ አንገቷን ያወድሳል እንጂ እንዲህ እንደ ገበያ ዕቃ ዋጋ ይቆርጥላታል?

ቆይቶ ነው ዐይነ ስውርነቱ ትዝ ያለኝ። ይህ ሰው የማንንም ሴት ፊት አይቶ አልወደደም። ውበት የሚባለውን ነገር የሚያውቀው በገዛ ደረቱ ውስጥ ብቻ ነው። እና ያንን ተናገረ።

የመጀመሪያ ሚስቱ ከሌላ ሰው ጋር ጥላው ሄዳለች። እንደሚወራው ከሆነ፣ ልትሄድ መሆኑን ቀድሞ ስላወቀ፣ መንገድ ላይ እንዳትቸገር ካልሲዋ ውስጥ ገንዘብ ደብቆላታል። እኔ ብሆን... ተዉት።

ግን ልቤን የነካው የመጨረሻው አንጓ ነው። በአሺኮች ደንብ ገጣሚው በመጨረሻው አንጓ ላይ ስሙን ያስገባል። ቬይሰልም እዚያ ሲደርስ ሚዛኑን ይገለብጠዋል፦ እሱ አንቺን ባያፈቅር ኖሮ የቬይሰል ስም አይነሳም ነበር ይላል። ያቺ «አሺክ» የምትል ቃል እዚህ ትመጣለች፣ አፍቃሪም ናት፣ የማዕረግ ስሙም ናት። እኛ ብንሆን ሰምና ወርቅ እንለው ነበር። ለካ መጀመሪያ እሷን አስር ፓራ ያላት፣ በኋላ ራሱን እዚያው ሚዛን ላይ ሊያስቀምጥ ኖሯል።

እኔ አንዴ የተለየችኝን ልጅ ፎቶዎች በሙሉ አጥፍቻለሁ። በአንድ ሌሊት። የዚያን ቀን ወደ ቤቷ በምን እንደሄደች እንኳን አልጠየቅኩም።