ሰብረን የምንማርበት ልምምድ

ክቡራን እንግዶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በተለይም ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ ሥራ የምትፈልጉ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ የጠየቁኝ ቡድናችን የክላውድ መሠረተ ልማት መሐንዲሶቹን የሚያሠለጥንበት የኦንላይን መድረክ ሲመርጥ በምን እንደመዘነ እንድናገር ነው። ነገሩ የጀመረው አንድ ሰኞ ጠዋት ነው።

የዚያን ቀን የኩበርኔቲስ ክላስተራችን፣ ማለትም ኩበርኔቲስ በተባለው ሶፍትዌር ተሳስረው ፕሮግራሞቻችንን የሚያስኬዱት ሰርቨሮች ስብስብ፣ ትእዛዝ አልቀበል አለ። ሰርቨሮቹ በርተዋል፣ ኔትወርኩ ይሠራል፣ ደንበኞች የሚገለገሉባቸው ፕሮግራሞችም አልቆሙም። እኛ ግን መግባት አቃተን። አብረውኝ የነበሩት አራት ልጆች ኮርሳቸውን ጨርሰው የምስክር ወረቀት የያዙ ናቸው። የስህተቱን መልእክት አነበቡና ዝም አሉ። ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም። ክላስተር ኩብአድም በተባለው መትከያ ፕሮግራም ሲተከል ክፍሎቹ እርስ በርስ የሚተዋወቁባቸው ዲጂታል ሰርተፊኬቶች አብረው ይፈጠራሉ፤ አብዛኞቹ የሚያገለግሉት ለ1 ዓመት ብቻ ነው። ክላስተሩ ወደ አዲስ ስሪት ሲሻገር እነሱም ይታደሳሉ። እኛ ከዓመት በላይ ሳንነካው ስለቆየን ጊዜያቸው አልፎባቸዋል። ማደሻው አጭር ትእዛዝ ነው፤ ከዚያ የመቆጣጠሪያ ክፍሎቹን እንደገና ማስነሳት። ግማሽ ቀን ፈጀብን።

ማታ ቤቴ ገብቼ ያሰብኩት ስለ ልጆቹ ሳይሆን ስለ ሥልጠናው ነው። መለማመጃ ክላስተር የሚቆየው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ይጠፋል። እንዲህ ባለ ክላስተር ላይ የተማረ ሰው ዓመት የሞላው ክላስተር ምን እንደሚመስል ከየት ይወቀው?

ከዚያ ወዲህ መድረክ ስንመርጥ የቪዲዮውን ጥራትና የኮርሱን ብዛት ወደ ኋላ አደረግነው። መጀመሪያ የምንጠይቀው ሠልጣኙ የተበላሸ ነገር ይሰጠዋል ወይ ብለን ነው። ብዙዎቹ ልምምዶች ትእዛዙን ጽፈው ያቀርቡለታል፤ እሱ ገልብጦ ይለጥፋል፣ አረንጓዴ ምልክት ይበራለታል፣ ያልፋል። የኩበርኔቲስ አስተዳዳሪነት ፈተናው ሲኬኤ ግን እንዲህ አይደለም። 2 ሰዓት ተርሚናል ላይ፣ ማለትም ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት ላይ፣ ተቀምጦ በእጅ መሥራት ነው፤ ማለፊያው 66 በመቶ ነው። በፈተናው ላይ የኩበርኔቲስን ይፋዊ ሰነድ ከፍቶ ማንበብ ይፈቀዳል። የሚፈለገው ሽምደዳ ሳይሆን ችግሩ የት እንዳለ ማግኘት ነው።

ስለዚህ በየመድረኩ የሙከራ ጊዜ ወስደን ሆን ብለን አበላሸን። አንዱን ማሽን ከክላስተሩ ጋር የሚያገናኘውን ኩብሌትን አቆምነውና ምን እንደሚሆን ተመለከትን። እውነተኛ ማሽን በሰጡን ቦታዎች ማሽኑ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዝግጁ አይደለም ተብሎ ታየ፤ ፈልገን አስነሳነው። አንዱ መድረክ ላይ ግን ተርሚናሉ ከሚጠብቃቸው ትእዛዞች ውጪ ምንም አይመልስም። ማስመሰያ ነበር። እሱን የዚያኑ ቀን ተውነው።

የትምህርቱን ዕድሜ ለማወቅም አቋራጭ አለን። ኩበርኔቲስ በዓመት ሦስት ያህል ስሪት ያወጣል። በፈረንጆቹ ግንቦት 2022 በወጣው 1.24 ስሪት፣ ፕሮግራሞችን በኮንቴይነር ከሚያስኬደው ከዶከር ጋር በቀጥታ ያገናኘው የነበረው ዶከርሺም የተባለው ክፍል ተወግዷል። ዛሬም ክላስተሩን በዚያ አሮጌ መንገድ የሚያስተክል ኮርስ ካያችሁ ለዓመታት እንዳልታደሰ እወቁ።

አሁን ወደ እኛ ሀገር ሁኔታ ልምጣ፤ የውጭ ግምገማዎች ይህን አይነግሯችሁምና። መለማመጃው ያለው ሩቅ አገር ነው፤ የምንተይበው ፊደል ደርሶ እስኪመለስ እንጠብቃለን። መብራት ይጠፋል፣ መስመር ይቆረጣል። እኛ እየሠራን ራውተሩን ነቅለን አምስት ደቂቃ ቆየን። ስንመለስ ሥራችንን ከተውንበት ያስቀጠሉን ጥቂቶች ናቸው። ሌሎቹ አጥፍተው ከመጀመሪያው አስጀመሩን። የአርባ ደቂቃ ልምምድ ሦስት ጊዜ የጠፋበት ወጣት ኮርሱን ቢተው፣ ጽናት የለውም ማለት ግፍ ነው። ክፍያውም አለ። በውጭ ምንዛሪ ካርድ ብቻ የሚያስከፍል መድረክ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ለብዙዎቻችሁ በሩ ዝግ ነው።

የምስክር ወረቀትን አልንቅም። ቅጥር ላይ ስም የሌለውን ሰው ለቃለ መጠይቅ ያስጠራዋል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ቀጣሪዎች በዚህ አዳራሽ ካላችሁ እለምናችኋለሁ፦ ወረቀቱን ካያችሁ በኋላ የተበላሸ ማሽን ስጡትና አጠገቡ ተቀመጡ።

እኛ በመጨረሻ የዓመት ክፍያ ትተን የ3 ወር ገዛን። በተረፈው ገንዘብ ቢሯችን ውስጥ በነበሩ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ የማይጠፋ ክላስተር ተከልን። እያረጀ ነው፤ የምንፈልገውም ያንኑ ነው። በየወሩ የመጨረሻ ዓርብ አንዱ ያበላሸዋል፣ ሌሎቹ ይጠግኑታል፤ ያበላሸው ሰው እስኪያልቅ አይናገርም።

የዚህ ወር ዓርብ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ነው። ለአምስት ሰው ቦታ አለን፤ ኮርስ መጨረስ ግዴታ አይደለም። በሩ አጠገብ የቆሙት ባልደረቦቼ ስማችሁን ይመዘግባሉ።

አመሰግናለሁ።